የዓይን ሕክምና ወጪ በማን ትከሻ ላይ?

ከመገናኛ እስከ ቦሌ ባለው መንገድ የሚያልፍ ሰው በየሕንፃው ላይ የግል ዓይን ክሊኒኮችንና የመነጽር ቤቶችን ማስታወቂያ ያነባል። በዚያው አካባቢ የሚኖረውና መክፈል የማይችለው ሕመምተኛ ግን ዛሬም ወደ ቀበና፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያመራል። ይህ ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ሲሆን፣ ታሪኩ የዓድዋ ቁስለኞችን ሊያክም ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ሥራ ጋር ይያያዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክም እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን በዚሁ ግቢ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ መንስኤው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ትራኮማ በዓይን ብሌን ላይ የሚያስከትለው ጠባሳ 11.5 በመቶውን ይይዛል። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው በገጠር 42.5፣ በከተማ 10.7 በመቶ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ትኩረት የሚያሻው ነው። ለትራኮማ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በፋይዘር ልገሳ በነጻ ይመጣል፤ በአማራ ክልል የካርተር ማዕከልና የላየንስ ክለቦች ከጤና ቢሮው ጋር ሲያድሉት ቆይተዋል። የሽፋሽፍት መቀልበስን በቀዶ ሕክምና የሚያስተካክሉትም በአብዛኛው ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ናቸው። በብዙ ወረዳዎች ሥርጭቱ ቀንሷል፤ ከዓመታት እደላ በኋላ ያልጠፋባቸውም አሉ። ልገሳውን አላቃልልም። ሆኖም ለዓይን ሞራ በሣጥን ተጭኖ የሚመጣ መድኃኒት የለም። የሚያስፈልገው ሐኪም፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ፣ ክርና ጠብታ በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። ዘመቻ ሲመጣ በአንድ ሳምንት መቶዎች ይታከማሉ፤ ዘመቻው ሲያልፍ ተራው እንደገና ይረዝማል።

ከቀበሌ የሚሰጠው የነጻ ሕክምና ማስረጃ የካርድና የቀዶ ሕክምናን ክፍያ ያስቀራል፤ የታክሲውንና ሥራ ትቶ የሚከተለውን ልጅ ወጪ ግን አይመልስም። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በሠራሁበት ጊዜ፣ ሌንስ ከመጋዘን ባለቀበት ሳምንት፣ ማስረጃዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የመጣች አንዲት አሮጊት ሌንሱን ከውጭ እንድትገዛ ተነገራት። «ልጄ፣ ታዲያ ወረቀቱ የምኑ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሳ መምጣቷንም አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ብዙ ቤተሰቦችን ከድንገተኛ ወጪ ታድጓል። መድኑ የሚከፍለው ግን ለተሰጠ አገልግሎት ነው፤ ሌንስ በሌለበት የሚከፈልለት አገልግሎት የለም። ስለዚህ የሆስፒታሎች ዓመታዊ ዕቅድ ሲዘጋጅ ሌንስ፣ ክርና ጠብታ እንደ ኦክስጅንና ጓንት ከመንግሥት በጀት ቋሚ መደብ ሊኖራቸው ይገባል። በዕቅድ ስብሰባው ላይ የምንቀመጠው እኛው ስለሆንን፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ከእኛው ነው።