ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ

የድል በዓል በደረሰ ቁጥር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንኳ የማይቀር ክርክር አለ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን የወጣበት ቀን ነው የሚለው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ እንዲያውም ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚሁ ቀን ነው።

ይኸውም በ1928 ዓ.ም. ነው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን ጦራችን ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማይቱ ባለቤት አጣች። ጠላት ገና ሳይደርስ ሱቁ ተዘረፈ፣ ቤቱ ተቃጠለ፤ ፈረንጆቹም በየሌጋሲዮኑ ተጠለሉ። ይህን ማንሣት ደስ አይልም፤ ግን ሆኗል። ማርሻል ባዶልዮ ሚያዝያ 27 ቀን ከሰዓት በኋላ ጦሩን አስከትሎ ገባ። ሙሶሊኒም በዚያው ዕለት ሮማ ላይ ጦርነቱ አለቀ ብሎ አወጀ። ምኑ አለቀ! አርበኛው ገና ጫካ መግባቱ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. በጄኔራል ከኒንግሃም የሚታዘዘው የእንግሊዝ ጦር ከኬንያ ተነሥቶ፣ በሶማሌና በሐረር በኩል አድርጎ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ደርሰው ነበር። ታዲያ ለምን ቶሎ አልገቡም? እንግሊዞቹ በከተማው ያሉትን ብዙ ሺህ ጣሊያኖች ሕዝቡ ይበቀላቸዋል ብለው ስለ ሰጉ አዘገዩዋቸው። ሰውየው በገዛ አገራቸው ደጅ ጠኑ ማለት ነው። በመጨረሻ ሚያዝያ 27 ቀን በእንጦጦ በኩል ገቡ፤ ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ከፊት እየመራ፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ተሰልፈው እየተቀበሉ። ንጉሡም ሕዝቡ በጣሊያኖቹ ላይ በቀል እንዳይፈጽም አደራ አሉ። ልክ ባዶልዮ በገባ በአምስት ዓመቱ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ አይመስለኝም።

ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ እሱ ከወደቀ በኋላ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የንጉሡን ስም ለማራቅ የተደረገ ይመስለኛል እንጂ ሒሳቡስ ልክ ነው፤ ከተማይቱ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ያን ዕለት ነው። ነገር ግን በመጋቢት 28 ቁልፉን የተረከበው እንግሊዝ ነው። አርበኛው ከነጎፈሬው ከነጠመንጃው በዋና ከተማው አደባባይ የታየው በሚያዝያ 27 ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ ለዚህኛው አደላለሁ።

የጎንደር ሰው ግን በሁለቱም ቀን ጠላት ከቤቱ አልወጣለትም ነበር። ጄኔራል ናሲ እዚያ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።