በነዳጅ ውል የተፈለገ ጋሻ፦ ደሴ በ1928 ዓ.ም.

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለዳ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ሰማይ ላይ ደረሱ። ከተማይቱ የዘውዱ ጦር ጠቅላይ ሰፈር ከሆነች ገና ቀናት መቆጠራቸው ነበር። ተቀጣጣይ ቦምብ የሣር ክዳን ቤቶችን አነደደ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም አልተረፈም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው አውሮፕላኖቹ ላይ ተኮሱ። በዚያ ሁኔታ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ለሰማዩ አደጋ ቀደም ብለው ሌላ መከታ ፈልገው ነበር። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ወራሪው ድንበር ከመሻገሩ ከአንድ ወር በፊት፣ ፍራንሲስ ሪኬት ከተባለ እንግሊዛዊ ጋር የነዳጅ ፍለጋ ውል ተዋዋሉ። ውሉ የአገሪቱን እኩሌታ ያህል መሬት ለ75 ዓመት ይሰጣል፤ ከጀርባውም የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ነበረበት። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ አሜሪካና እንግሊዝ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ጥቅም ካላቸው፣ ሙሶሊኒ ሊደፍራት ያመነታል። ሆኖም የሁለቱም አገሮች መንግሥታት በውሉ ተቆጡ። የዋሽንግተን ግፊት የበረታበት ኩባንያ በቀናት ውስጥ ውሉን ሰረዘ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን የመረብን ወንዝ ተሻገረች። የመንግሥታት ማኅበር በኅዳር ወር ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስወጣ፤ ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈርተው ነበር። ሙሶሊኒ ከዓመታት በኋላ፣ ነዳጅ ቢጨመር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር እንደነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል። ጋሻ ይሆናል የተባለው ነዳጅ፣ በጠላት አውሮፕላንና ካሚዮን ታንከር ውስጥ ሆኖ መጣብን።

በአገር ውስጥ የነበረው ዝግጅት ገና ጅምር ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ከተከፈተ ብዙም አልቆየም፤ በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነው ክቡር ዘበኛ ከክተቱ ሠራዊት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነበር። መሣሪያ መግዛትም በውጭ ክልከላ ተሰናክሎ ቆይቷል። ለጦሩ የተላለፈው ትእዛዝ ይህን ጉድለት ያውቃል፦ ተበታትናችሁ ሂዱ፣ ከሩቅ የሚታይ ልብስ አትልበሱ፣ ከአውሮፕላን ተሸሸጉ። ይሁን እንጂ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነው ፊት ለፊት ግጥሚያ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ወደቀች፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተከተለች።

ነዳጅ ጋሻ የሆናት አገርም አለች፦ ከ54 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. ኢራቅ ኩዌትን ወረረች። ያች ትንሽ ባለነዳጅ አገር በጦር ብዛት አልተከላከለችም፤ ነዳጇ በዓለም ገበያ ውስጥ ስለገባ የብዙ አገሮች ጦር ተሰልፎ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ነጻ አወጣት። የ1927ቱ ስሌት ትክክል ነበር፤ የጎደለው ከመሬት የወጣ ነዳጅ ነው።

ወራሪው ጣሊያን ራሱ የነዳጅን ዋጋ አውቆታል፤ ደሴን ከያዘ በኋላ ስንቅና ነዳጅ ከወደብ እንዲመጣለት ከአሰብ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን መንገድ ሠራ። ለብዙ ዓመታት ቦቴዎች የወጡበት ያ መንገድ ለእኛም ይናገራል፦ የባዕድ ጥቅም የሚቆመው ጥቅሙ እስካለ ብቻ ነው። የአገር መከላከያ ጽኑ የሚሆነው ወዳጅ ባይመጣ እንኳ ሊቆም ሲችል ነው፤ ይህም በሰላሙ ቀን በሚሠራ መንገድ፣ በሚከማች ስንቅና በሚሠለጥን ሰው ይለካል።