ዚንክ የያዛቸው ጣቶችና የልጆች ካንሰር

ካንሰር ሲነሳ ብዙዎቻችን «እርግማን ነው» እንላለን። ታሪኩን ግን እንይ። ጀርመናዊው ሐኪም ማክስ ዊልምስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ሕፃናት የኩላሊት ካንሰር ጻፉ፤ በሽታውም በስማቸው ተጠራ። መነሻው ግን አልታወቀም ነበር። በ1985 ደቡብ አፍሪካ ያደጉት አሮን ክሉግና ባልደረቦቻቸው፣ በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ዚንክ በያዛቸው ጣት መሰል እጥፋቶች ዲ.ኤን.ኤ.ን ይጨብጣል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1990 «ደብልዩ ቲ 1» የተባለው ጂን ተገኘ። ፕሮቲኑ አራት እንዲህ ያሉ ጣቶች አሉት፤ በጽንስ ጊዜ ኩላሊት ሲፈጠር ሌሎች ጂኖችን ያዛል። እሱ ሲበላሽ ሴሎች ሳይበስሉ ይባዛሉ፤ የአንዳንድ ልጆች ካንሰር የሚነሳው ከዚህ ነው።

እንግዲህ እርግማን አይደለም፤ አይጋባምም። በጊዜ ከታከመ ብዙ ልጅ ይድናል። የልጃችን ሆድ ካበጠ «ትል ነው» ብለን አንቆይ፤ ሆዱን ሳንጫን ቶሎ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።