«ለማስታወሻ»፦ የመልካ ጀብዱ የቤት ፎቶዎች

የድሬዳዋ ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ምድር ባቡር ነው። ተገቢም ነው፤ ድሬ የተቆረቆረችው ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነውና። የለገሃሩን ፎቶ ያላየ የለም። ምንጣፍ ላይ፣ ጀበና ዙሪያ የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ግን በየሣጥኑ ተቀምጠዋል። እነሱም የታሪክ ማስረጃ ናቸው ባይ ነኝ፤ ብቻቸውን ግን አይናገሩም።

መልካ ጀብዱ፣ አክስቴ ቤት አንድ አለ። ሦስት ሴቶች ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጀበናው ከፊታቸው ነው። በስተቀኝ የአንድ ሰው ክንድ ብቻ ይታያል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ስም የለ፣ ዓመት የለ። አክስቴ «ድሪያዬ አረንጓዴ ነበር» ትላለች። ታናሽዋ ደግሞ «ኧረ ቀይ ነው! እኔ እኮ ነኝ የማጥበው» ትላለች። ክንዱ ለአንዷ የጎረቤት፣ ለሌላዋ የፎቶ አንሺው ረዳት ነው። ሦስተኛዋ ሴት አርፋለች።

ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚይዘው የብርሃኑን መጠን ነው፤ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ቀለሙን የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የፎቶው ደስታ እዚህ ላይ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው ችግርም እንዲሁ።

እስቲ ጎረቤታችንን ሐረርን እንይ። ድሬ ገና ሳትቆረቆር፣ በ1883 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለንግድ ሐረር ተቀምጦ ሳለ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ ራሱን አነሣ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ አንዱ ፎቶ የቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ ሌላው እጁን አጣምሮ ሙዝ መካከል እንደሆነ ገለጸ። ፎቶዎቹ የነጡትም የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ነው አለ። ፊቱ ደብዝዟል፤ የት እንደቆመ ግን ከ140 ዓመት በኋላም እናውቃለን፣ ደብዳቤው አለና። የአክስቴ ፎቶ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ደብዳቤ የሌለው።

ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ቤት በጎርፍ ሲሄድ አልበሙም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ሣጥኑን አስከፍቱ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አነሣው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ጻፉ፤ ፎቶውንም መልሱንም በስልካችሁ አንሥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሁለት ሰው ሁለት ነገር ካለ ሁለቱንም ከነተናጋሪው መዝግቡ፤ ግምቱ ግምት መሆኑ ይታወቅ። መምህራኖቻችንም ይህን ለተማሪ የቤት ሥራ ብታደርጉት ከየሰፈሩ ብዙ ይሰበሰባል። ምናባችን በፎቶው ላይ የወደደውን ቀለም ይቀባ፤ ትክክለኛውን ቀለም የሚያውቁት እናቶቻችን ግን አሁን፣ በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።