የወለጋ አረንጓዴ በወረቀት ላይ

በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢዶሎ ፎቶ ቤት፣ በኮምፒዩተር ደምቆ የታየ የሠርግ ፎቶግራፍ በወረቀት ላይ ገርጥቶ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት የቀለም ክልል አመራረጥ ነው። የቀለም ክልል ማለት እያንዳንዱ ቁጥር የትኛውን ቀለም እንደሚያመለክት የሚወስን ስምምነት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ቀለምን በቁጥር የሚገልጽ ሥርዓት ደነገገ። በ1996 ሒውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ለተራው ስክሪን የሚስማማውን ኤስአርጂቢ አቀረቡ፤ በ1998 አዶቢ ለኅትመት ሥራ ታስቦ በአረንጓዴው በኩል ሰፋ ያለውን አዶቢ አርጂቢ አወጣ።

ለወለጋ ደንና ቡና ሰፊው የሚበጅ ይመስላል። ዳሩ ግን ማተሚያው ቁጥሩን ሁሉ በኤስአርጂቢ የሚያነብ ከሆነ ያው አረንጓዴ ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለሙያው ክልሉን ከመምረጡ አስቀድሞ ማተሚያውን ይወቅ፤ ሙሽሮቹ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ወረቀቱን ነውና።