በመግነጢሳዊ ማዕበል ሳቢያ በኃይል መስመሮች የሚፈስ ጅረት

ከፀሐይ የሚፈነዳ የቅንጣቶች ደመና ምድር ሲደርስ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ያናውጣል። ይህ ንውጥውጥ መግነጢሳዊ ማዕበል ይባላል። መስኩ በፍጥነት ሲለዋወጥ በመሬት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል፣ መስኩም ጅረት ያስነሳል፤ ትራንስፎርመሮቻቸው ከመሬት ጋር የተገናኙ ረጃጅም ማስተላለፊያ መስመሮችም ለጅረቱ ምቹ መሄጃ ይሆኑለታል። ችግሩ ያለው ከብዛቱ ይልቅ በባሕርዩ ነው። ይህ ጅረት የሚለዋወጠው እጅግ በዝግታ፣ ብዙ ጊዜም በደቂቃዎች ስለሆነ፣ በሰከንድ 50 ወይም 60 ዑደት ለሚመላለስ ኃይል የተሠራ ትራንስፎርመር ዘንድ ከቀጥተኛ ጅረት አይለይም። የትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት በየዑደቱ አጋማሽ በመግነጢስ ይሞላል። ያን ጊዜ ይግላል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ሪአክቲቭ ኃይል (ጠቃሚ ሥራ የማይሠራ ኃይል) ከመረቡ ይስባል፣ የተዛቡ ሞገዶችንም ወደ መረቡ ይለቃል።

የዘርፉን ምርምር ያነቃቃው የካናዳዋ ኩቤክ ግዛት አደጋ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1989 እ.ኤ.አ.፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ፣ የተዛቡት ሞገዶች ቮልቴጅ የሚያረጋጉ ሰባት መሣሪያዎችን ተራ በተራ ከአገልግሎት አስወጡ። መረቡ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደቀ፤ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችም ለ9 ሰዓታት ያህል ያለ መብራት ቆዩ። ግዛቲቱ የተቀመጠችበት ጥንታዊ ዐለት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ጅረቱ መስመሮቹን መረጠ።

ከዚያ በፊት ጉዳዩ በአመዛኙ የሰሜን አገሮች ሥራ ነበር። ፊንላንዳውያኑ ሌህቲነን እና ፒርዮላ በ1985 ያወጡት የስሌት ዘዴ እስካሁን መሠረት ሆኖ ያገለግላል። የኤሌክትሪክ መስኩ ከታወቀ፣ የመስመሩ ውቅርም ከታወቀ፣ በየማከፋፈያ ጣቢያው የሚያልፈውን ጅረት ማስላት አዳጋች አይደለም። አዳጋቹ መስኩን ማወቅ ነው። የቀድሞ ጥናቶች የምድርን ውስጥ እንደ እንጀራ በተደራረቡ ወጥ ንብርብሮች ይመስሉት ነበር። በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ በየ70 ኪሎ ሜትሩ የተካሄደው የማግኔቶቴሉሪክ ልኬት (የከርሰ ምድርን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚመረምር ዘዴ) ግን በጎረቤት ቦታዎች መካከል እንኳ ከፍተኛ ልዩነት እንዳለ አሳየ። ስለዚህ አዲሱ ምርምር በሦስት አቅጣጫ የሚለዋወጥ የከርሰ ምድር ሞዴል ላይ ያተኩራል፤ በእኔ ግምት የዘርፉ ትልቁ እመርታ ይህ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ከዋልታዎች መራቅ ነው። ከጥቅምት 2003 ማዕበል በኋላ በደቡብ አፍሪካ ትራንስፎርመሮች ላይ የታየው ጉዳት፣ በቻይና ሊንግአኦ የኒውክሌር ጣቢያም የተለካው ጅረት፣ «ከዋልታ የራቀ አገር አያሰጋውም» የሚለውን እምነት አናጋ። ኒውዚላንድ ጅረቱን በትራንስፎርመሮቿ የምድር ግንኙነት ላይ ለዓመታት በመለካቷ በግንቦት 2024ቱ ኃይለኛ ማዕበል አንዳንድ መስመሮችን አስቀድማ ማቋረጥ ችላለች።

ከዋልታዎች መራቁ እስከ ወገብ አካባቢ ይደርሳል። ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ በላይ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ጠንካራ ጅረት በከባቢ አየር ይፈስሳል። ከፀሐይ የሚመጣ ድንገተኛ ግፊት በዚህ ጅረት አማካይነት እንደሚጎላ፣ ይህም ብርቱ ማዕበል ባይኖርም እንደሚሆን በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል። አዲስ አበባ በዚህ ወገብ አጠገብ ትገኛለች፤ ከ1958 ጀምሮ የሚሠራ የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያም አላት። የአገሪቱ ከርሰ ምድርም ወጥ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሥር ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያስተላልፉ አካላት እንዳሉ የማግኔቶቴሉሪክ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከሕዳሴ ግድብ እስከ ሆለታ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የመስመሩን ትራንስፎርመሮች የምድር ጅረት ከጣቢያው መዝገብ ጋር ማነጻጸር በወገብ አካባቢ ምርምር እጅግ የሚፈለገውን ዓይነት መረጃ ይሰጣል።