በቃል ያለ ይረሳል፤ በስዕል የታሰረስ?



“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ለብራናው ዘመን ፍጹም እውነት ነበር። በኮምፒዩተር ዘመን ግን አንድ ጥያቄ መጨመር ግድ ይላል፤ የጻፍነው በእርግጥ ጽሑፍ ነው ወይስ ጽሑፍ የሚመስል ስዕል? ጉዳዩ የባለሙያዎች ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን ላለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት በአኒሜሽን ላይ ያሰፈርነው አማርኛ ለልጆቻችን ይተርፍ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከምኖርበት ከተማ ከኮለምበስ ልጀምር። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሰዓሊ ቻርልስ ቹሪ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ቡድን አምበል የነበረ ሰው፣ በ1960ዎቹ ኮምፒዩተርን ለስዕል ማዋል ጀመረ። በ1967 እ.ኤ.አ. የሠራው የሐሚንግበርድ ወፍ ፊልም ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር አኒሜሽኖች አንዱ ነው። ቹሪ በ1981 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኮለምበስ የተቋቋመው ክራንስተን-ቹሪ ፕሮዳክሽንስ መሥራችም ነበር። ኩባንያው እስከ 1987 ድረስ ለታላላቆቹ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በሰማይ ላይ የሚበሩ፣ የሚሽከረከሩና የሚያብረቀርቁ ፊደላትንና ዓርማዎችን ይሠራ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእንግሊዝኛው ፊደል በዚህች ከተማ ክንፍ አውጥቶ ሲበር፣ የእኛ ፊደል በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ገና ቆሞ መሄድ እየተማረ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ ፊደላችን አስቸጋሪ ስለሆነ ነውን? በጭራሽ! የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ሮም ውስጥ በግዕዝ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነው። በኮምፒዩተርም ቢሆን ፊደላችን እንደ ዓረብኛ ከጎረቤቱ ጋር እየተቀጣጠለ መልኩን አይለውጥም፤ እንደ ሂንዲም አይደራረብም። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል። ስለዚህ ቁጥርና ፎንት እስካገኘ ድረስ በጣም ቀላሉ የአኒሜሽን ፕሮግራም እንኳ ሊያሳየው ይችላል።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን ግማሹ አስቀድሞ በእንግሊዝኛው ተይዟል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ መላ ይጠፋል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እነ ፍስሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ እዚህ አሜሪካ ውስጥ በየራሳቸው መንገድ ደከሙበት፤ ሌሎችም ተከተሉ። ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቁጥር ይጠቀም ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ይህን የባቢሎን ግንብ ያፈረሰው ዩኒኮድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ለፊደላችን 345 ምልክቶችን መዘገበ።

ልክ በዚያው ሰሞን በየድረ ገጹ ፍላሽ የተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ነገሠ። የበዓል መልካም ምኞት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ለልጆች ሀሁ ማስተማሪያ፣ ሁሉም በፍላሽ ሆነ። ፍላሽ ዩኒኮድን መቀበል የጀመረው ኤም ኤክስ በተባለው የ2002 እ.ኤ.አ. እትሙ ነው። ግን የተመልካቹ ኮምፒዩተርስ? ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በመሆኑም ሠሪው ፎንቱን ከሥራው ጋር አብሮ ካላሸገው ተመልካቹ የሚያየው ባዶ አራት ማዕዘኖችን ብቻ ነበር።

ሠሪዎች ያገኙት መላ ፊደሉን “መስበር” ነበር። ፍላሽ ውስጥ ጽሑፉን መርጦ የመስበሪያውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢሰጡት፣ በመጀመሪያ ቃሉ ወደ ነጠላ ፊደላት ይበተናል፤ በሁለተኛው ፊደሉ መስመርና ቀለም ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ኮምፒዩተር ያምራል። ነገር ግን “ሰላም” የሚለው ቃል ቃልነቱ አብቅቷል፤ አይታረም፣ አይፈለግ፣ አይቀዳ። ለጊዜው ብልህ መፍትሔ ነበር፤ ዋጋው የተከፈለው ኋላ ነው።

አዶቤ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የፍላሽን ድጋፍ አቋረጠ። ኢንተርኔት አርካይቭ በዚያው ዓመት ብዙ የፍላሽ ሥራዎችን በማስመሰያ ፕሮግራም እንደገና እንዲታዩ ማድረጉ ያስመሰግነዋል። የተሰበረውን ፊደል ግን ማስመሰያው ወደ ቃልነት አይመልሰውም፤ ፈላጊ ቢመጣ በአማርኛ ጽፎ አያገኘውም። ከመጀመሪያ በዩኒኮድ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ግን ዛሬም በማንኛውም ስልክ ላይ ይነበባል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ በሆነ ነበር፣ ልማዱ ባይቀጥል ኖሮ። ዛሬ ኖቶና አቢሲኒካን የመሳሰሉ ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። ያም ሆኖ የአማርኛ ርዕስና ግርጌ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ በምስሉ ላይ ተለጥፎ ብቻ ሲወጣ እናያለን። እዚህ ተወልዶ ፊደል የሚቆጥር ልጅ የሰማውን ቃል ጽፎ ሲፈልግ የሚመጣለት የእንግሊዝኛው ብቻ ከሆነ፣ ቋንቋችሁን አትርሱ ማለቱ ባዶ ምክር አይሆንምን?

ስለዚህ ለምትሠሩ ወገኖቼ ጥቂት ልበል። ጽሑፉን ሳትሰብሩ ዋናውን ፋይል አስቀምጡ። ንግግሩን በዩኒኮድ በተለየ የጽሑፍ ፋይል አብራችሁ አውጡ። ፊደላችን ትልቁና ትንሹ የሚባል ስለሌለው፣ ማጉላት ስትፈልጉ እንደ ብራና ጸሐፊዎቻችን በቀይ ቀለም ተጠቀሙ። ሁና ሂን የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ መጠኑን ከፍ፣ እንቅስቃሴውን ዝግ አድርጉ። ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ ለይታችሁ ከጻፋችሁም ብዙ ፕሮግራሞች ቃልን በክፍት ቦታ ስለሚለዩ፣ ቃል በቃል እንዲወጣ ያሰባችሁት ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ዱብ ይላልና ተጠንቀቁ።

ብራና ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ የጻፈው ለሚመጣው ትውልድ እንዲነበብ ነው። እኛ በአንድ ጠቅታ የምንጽፈው ሃያ ዓመት እንኳ ካልቆየ የወረስነውን በአግባቡ አላወረስንም ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ